ቁልቁለቱን የሚቀበለው ባትሪው ነው፦ ጉልበት መላሽ ፍሬንና የኃይል ክምችት በኢትዮጵያ ዳገታማ መንገዶች

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ ካደረጉ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚደረገው ውይይት በአብዛኛው በሁለት ጉዳዮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው የመሙያ ጣቢያዎች ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው የባትሪ ዋጋና ዕድሜ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሆኖም ከአገሪቱ የመሬት አቀማመጥ ጋር በቀጥታ የተያያዘና ብዙም ያልተነሣ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ተሽከርካሪው ዳገት ለመውጣት ያወጣው ጉልበት ቁልቁለት ሲወርድ ወዴት ይሄዳል?

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በደጋማ አገር የጉልበት መላሽ ፍሬን ጥቅም በሞተሩ ብርታት ወይም በመቆጣጠሪያው ስልት ብቻ አይወሰንም፤ ከሁሉ በፊት የሚወስነው ባትሪው በዚያች ቅጽበት ሊቀበል የሚችለው መጠን ነው። በመሆኑም ፍሬንን ከክምችት ለይቶ የሚያጠና ምርምር፣ እንዲሁም በሜዳማ የአነዳድ ዑደት ብቻ የተፈተነ ንድፍ፣ ለአዲስ አበባም ሆነ ለዓባይ በረሃ መንገድ የሚሰጠው መልስ ጎዶሎ ይሆናል።

ማቆምና መውረድ

ጉልበት መላሽ ፍሬን አዲስ ግኝት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሉዊ ክሪጀር በፓሪስ በሠራቸው የኤሌክትሪክ ሠረገላዎች ላይ በሥራ ውሏል፤ በኤሌክትሪክ ባቡሮችም ላይ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። አሠራሩ በጥቂት ቃላት ሊገለጽ ይችላል። ሞተሩ ጎማውን ማሽከርከሩን ትቶ ጎማው ሞተሩን እንዲያሽከረክር ሲደረግ፣ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል። በውስጡ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ ተቃውሞ ተሽከርካሪውን ይይዛል፤ የሚመነጨው ከረንትም ወደ ባትሪው ይመለሳል። ተራው የሰበቃ ፍሬን ግን ያንኑ ጉልበት በዲስኩና በሸራው መካከል ወደ ሙቀት ለውጦ ለአየር ይሰጠዋል።

በጥናታዊ ጽሑፎች ላይ ይህ አሠራር ዘወትር የሚቀርበው ከማቆም ጋር ተያይዞ ነው። ተሽከርካሪው በመብራት ወይም በመስቀለኛ መንገድ ሲቆም፣ የነበረው የእንቅስቃሴ ጉልበት ይሰበሰባል። በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ግን ማቆም የጉዳዩ አነስተኛው ክፍል ነው። ቀላል ስሌት ይህን ለማሳየት በቂ ነው።

ከነተሳፋሪዎቹ 1,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚኖረው የእንቅስቃሴ ጉልበት 222 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 0.06 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ይኸው አውቶሞቢል ከእንጦጦ አናት ወደ መሃል ከተማ 600 ሜትር ወረደ ቢባል፣ በከፍታው ምክንያት የነበረው ጉልበት 9.4 ሜጋ ጁል፣ ማለትም 2.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንዱ ቁልቁለት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚደረጉ 42 ሙሉ ማቆሞች ጋር ይተካከላል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ የጎማና የአየር ተቃውሞ የሚወስደው ሊቀነስ ይገባል። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በጎማው ላይ 2.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶው ባትሪው ዘንድ ይደርሳል ቢባል፣ የሚመለሰው ወደ 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። መንገዱን ለመውጣት ደግሞ፣ ከባትሪ እስከ ጎማ ያለው ብቃት 85 በመቶ ነው ተብሎ ሲታሰብ፣ 3.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመውጫ ከወጣው ጉልበት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ በመውረጃው ሊመለስ ይችላል። ቤንዚን መኪና ከዚህ አንዲት ጠብታ እንኳ አይመልስም።

ሙሉ ግድብ ውኃ አይቀበልም

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ በመሆኑ፣ ነገሩን በግድብ መመሰል ለአንባቢ ቅርብ ነው። በኮረብታ አናት ላይ የቆመ ተሽከርካሪ በከፍታ የተጠራቀመ ውኃን ይመስላል፤ ሞተሩ እንደ ተርባይኑ፣ ባትሪው ደግሞ ከታች እንዳለ ሌላ ግድብ ነው። የታችኛው ግድብ ሞልቶ ከሆነ ከላይ የሚመጣው ውኃ ሥራ ሳይሠራ ይፈስሳል። ተርባይኑ የቱን ያህል ግሩም ቢሆን ይህን አይለውጠውም።

ባትሪው የሚመጣለትን ጉልበት ላለመቀበል የሚገደድባቸው ሦስት ዋና ሁኔታዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሙሌት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሴል ወደ ሙሉነት ሲቃረብ ቮልቴጁ ከተፈቀደለት ጣሪያ እንዳያልፍ የባትሪ መቆጣጠሪያው የሚገባውን ከረንት ይቀንሳል፤ ሲሞላ ፈጽሞ ይዘጋዋል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የባትሪው አቅም 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን፣ ቁልቁለቱ የሚመልሰው 3 በመቶ ብቻ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ በተራራው አናት ካለው ቤቱ ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ከወረደ፣ ለዚህች 3 በመቶ እንኳ ቦታ የለም።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ የሊቲየም አየኖች ወደ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሴሉ ሲቀዘቅዝ ይህ ሂደት ስለሚዘገይ፣ ከፍተኛ ከረንት ከተገፋበት ሊቲየሙ በግራፋይቱ ገጽ ላይ እንደ ብረት ይለበዳል። ይህ የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ሲበዛም ለደኅንነት ያሰጋል። ለዚህም ነው መቆጣጠሪያው በቀዝቃዛ ሰዓት መቀበያውን የሚያጠብበው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ንጋት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰዎች ከከፍተኛው ሰፈር ወደ ሥራ የሚወርዱትም በዚሁ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ረጅም ዳገት ወጥቶ የሞቀ ባትሪ ወዲያው ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ተጨማሪ ከረንት ይገባበታል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል በ20 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሥርዓት የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ይህ ለባትሪው ብቻ ሳይሆን ለፍሬኑ ዲስክም ይሠራል።

ሦስቱ ሁኔታዎች ሲደራረቡ ጉዳዩ የቁጠባ መሆኑ ቀርቶ የደኅንነት ይሆናል። ልምድ ያለው ሾፌር ረጅም ቁልቁለት ላይ መኪናውን በማርሽ ይይዛል እንጂ በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ ሸራው ግሎ መያዝ ሊያቆም እንደሚችል ያውቃልና። በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ውስጥ የከባድ ማርሽን ቦታ የያዘው ጉልበት መላሹ ፍሬን ነው። ባትሪው ሲሞላ ይህ ማርሽ በሾፌሩ ላይ ያለ እርሱ ፈቃድ ይነጠቃል። በአንዳንድ ዘመናዊ ተሽከርካሪዎች መቆጣጠሪያው የሰበቃ ፍሬኑን በራሱ እያስገባ የፔዳሉን ስሜት ስለሚያስተካክል፣ ሾፌሩ ለውጡን ላያስተውለው ይችላል። ጉልበቱ ግን ከዲስኩ አያመልጥም። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በባትሪው ምክንያት ከአቻው የቤንዚን መኪና ብዙ ጊዜ እንደሚከብድም መታወስ አለበት።

አውቶቡስ ሲሆን

የአውቶሞቢሉ ቁጥሮች ትንንሽ ሊመስሉ ይችላሉ። በአውቶቡስ ሲተኩ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ከተሳፋሪዎቹ ጋር 18 ቶን የሚመዝን የከተማ አውቶቡስ በ6 በመቶ ቁልቁለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲወርድ፣ የጎማው ተቃውሞ ከተቀነሰ በኋላ ፍጥነቱን ጠብቆ ለማቆየት 76 ኪሎ ዋት ያህል ያለማቋረጥ መያዝ ያስፈልጋል። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ ይህ 20 ደቂቃ ይቆያል፤ 25 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ጉልበትም ወይ ባትሪው ውስጥ ይገባል፣ ወይ የፍሬኑን ብረት ያግላል።

6 በመቶና 30 ኪሎ ሜትር የተመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪዎች ደንብ ቁጥር 13 ለከባድ ተሽከርካሪዎች ካስቀመጣቸው የፍሬን ሙከራዎች አንዱ፣ ሙሉ ጭነት የያዘ ተሽከርካሪ በ6 በመቶ ቁልቁለት በአማካይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለ6 ኪሎ ሜትር ሲወርድ የሚኖረውን ሁኔታ መሠረት ያደርጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ከ6 ኪሎ ሜትር እጅግ ይረዝማል፤ የሚወርደውም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ለ18 ቶን አውቶቡስ 1,000 ሜትር ማለት 49 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከተቃውሞና ከመለወጫ ብክነት የተረፈው 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ቢመለስ፣ 250 ኪሎ ዋት ሰዓት አቅም ካለው ባትሪ 12 በመቶውን ይይዛል። ድልድዩን እንደተሻገረ ደግሞ ወደ ደጀን የሚወስደው ዳገት ይጠብቀዋል፤ የተመለሰው ጉልበት እጅግ የሚያስፈልገው በዚያች ሰዓት ነው።

በሜዳ የተለካ ዑደት

ይህ ሁሉ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ የጉልበት መላሽ ፍሬን ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረቱት በዓለም አቀፍ የአነዳድ ዑደቶች ላይ ነው። የቀድሞው የአውሮፓ ዑደት 1,180 ሰከንድ፣ እርሱን የተካው ዑደት 1,800 ሰከንድ፣ የቻይናው የአውቶሞቢል ዑደትም እንዲሁ 1,800 ሰከንድ ይፈጃሉ። ሦስቱም ፍጥነትን በጊዜ ይገልጻሉ፤ ከፍታን ግን አይገልጹም። ለእነዚህ ዑደቶች መንገዱ ሜዳ ነው። አምራቾች በአንድ ሙሌት ይኬዳል ብለው የሚያስተዋውቁት ርቀትም ከእነዚሁ የመጣ ነው።

ተማሪዎች እነዚህን ዑደቶች መጠቀማቸው በራሱ ነቀፋ የሚያስነሣ አይደለም፤ ውጤትን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ለማነጻጸር ያስችላሉ። ችግሩ የሚመጣው መደምደሚያው ለአገር ውስጥ መንገድ ሲሠራበት ነው። ባትሪን ከሱፐር ካፓሲተር ጋር የሚያጣምረው ንድፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሱፐር ካፓሲተር ከረንትን በፍጥነት ይቀበላል፣ በፍጥነት ይሰጣል፣ ለብዙ መቶ ሺህ ዙሮችም ይጸናል። ድክመቱ ግን በአንድ ኪሎ ግራም የሚይዘው በጥቂት ዋት ሰዓት የሚቆጠር መሆኑ ነው። 5 ዋት ሰዓት ይይዛል ቢባል፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚደረግን አንድ ማቆም ለመሰብሰብ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል። 600 ሜትሩን ቁልቁለት ለመሰብሰብ ግን ወደ 300 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። በሜዳማ ዑደት አሸናፊ ሆኖ የወጣው ንድፍ በእንጦጦ መንገድ ገና በመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ይሞላል። ስልቱ የተሳሳተ አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ የሌላ አገር ነው።

ከውጭ የሚጠቀሱ የተሳኩ ምሳሌዎችም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው። ከስዊድኗ ኪሩና የብረት ማዕድን ጭነው ወደ ኖርዌዩ ናርቪክ ወደብ የሚወርዱ ባቡሮች፣ ቁልቁል ሲወርዱ የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ባዶዎቹን ባቡሮች መልሶ ሽቅብ ለመሳብ ያግዛል። ይህ የሚሆነው ሸክሙ የሚወርድ፣ ባዶው የሚወጣ በመሆኑ ነው። የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋም እስከ ባሕር ጠረፍ ይዘልቃል። ነገር ግን የአገሪቱ ገቢ ጭነት ከወጪ ጭነቷ ስለሚበልጥ፣ ሙሉው ሽቅብ ይወጣል፣ የቀለለው ቁልቁል ይወርዳል። የናርቪክ ስሌት ተገልብጦ የሚነበብ ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት አንዱ ባቡር ሲይዝ የሚያመነጨው ከረንት የሚጠቅመው፣ በዚያው ቅጽበት በአቅራቢያው የሚነሣ ሌላ ባቡር ሲኖር፣ ወይም በጣቢያው ማከማቻ ወይም ወደ ዋናው መረብ መመለሻ መሣሪያ ሲኖር ነው። ተቀባይ ከጠፋ ጉልበቱ በሬዚስተር ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በመስመሩ ላይ ያሉት ባቡሮች ሲያንሱ ተቀባይ የመገኘቱ ዕድልም ያንሳል። በባትሪም ሆነ በሽቦ ሕጉ አንድ ነው፤ ያለ ተቀባይ መመለስ የለም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ ሙሉ ባትሪ ይዞ ከአናት መውረድ በየቀኑ የሚያጋጥም አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ አብዛኛው ጉዞ የሚጀመረው ከሙሉ በታች ነው። ነገር ግን የፍሬን ንድፍ የሚመዘነው በአዘቦቱ ቀን ሳይሆን በክፉው ቀን ነው። ደግሞም ሰው ሰፋ ላለ ጉዞ ሲዘጋጅ ባትሪውን እስከ ጫፍ መሙላቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከደጋ የሚነሣ ሰፊ ጉዞ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቁልቁለት ይጀምራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። በብዙ ተሽከርካሪዎች ውስጥ ያለው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ቮልቴጁ ከሙሌቱ ጋር እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ መቆጣጠሪያው የቀረውን መጠን በትክክል እንዲያውቅ አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ እንዲሞላ አምራቾች ይመክራሉ። እንግዲያው ሙሉ አትሙሉ ማለት ይህን ምክር መጣስ አይሆንም ወይ? አይሆንም። የሚጠየቀው ሙሉ መሙላትን መተው ሳይሆን ጊዜውንና ቦታውን መምረጥ ነው። ሙሉው ሙሌት ከቁልቁለት በፊት ሳይሆን ከዳገት በፊት ይሁን።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው የሚከተሉ አራት ተግባራት አሉ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለባቸውም።

አንደኛ፣ የአገር ውስጥ የአነዳድ ዑደት ከፍታን ጨምሮ ሊዘጋጅ ይገባል። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች በሚሠሩባቸው መስመሮች ላይ ፍጥነትን፣ ከፍታንና የተሳፋሪ ጭነትን በአንድነት መመዝገብ በማስተርስ ደረጃ የሚቻል ሥራ ነው። የጂፒኤስ የከፍታ ንባብ ስሕተት ስለሚበዛበት፣ የአየር ግፊት መለኪያ ቢታከልበት ውጤቱ የተሻለ ይሆናል። እንዲህ ያለው መረጃ ለአንድ የማሟያ ጽሑፍ ብቻ አገልግሎ በመደርደሪያ መቅረት የለበትም፤ ክፍሎች ሁሉ የሚጋሩት የጋራ ሀብት ሊሆን ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ተመላሽ ጉልበት የሚጻፍ ማንኛውም ጥናት የባትሪውን የመነሻ ሙሌት፣ የሙቀት መጠን፣ የተሽከርካሪውን ክብደትና የመንገዱን የከፍታ ልዩነት ሊገልጽ ይገባል። እነዚህ አራቱ ሳይነገሩ “ይህን ያህል በመቶ ጉልበት ተመለሰ” ማለት፣ ያልተመዘነ እህል ዋጋውን ብቻ እንደመጥራት ነው።

ሦስተኛ፣ የመሙያ ጣቢያ ቦታ ሲመረጥ ከፍታ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ይሁን። እንደ ጎሐ ጽዮንና ደጀን ባሉ የገደል አፋፍ ከተሞች የሚተከሉ ጣቢያዎች፣ ቁልቁል ለሚወርድ አውቶሞቢል በ90 በመቶ፣ ለከባድ ተሽከርካሪ በ85 በመቶ ግድም እንዲያቆም የሚያሳስብ ማስታወቂያ ቢኖራቸው ወጪው የአንድ ሰሌዳ ያህል ነው። ከላይ የተሠሩት ስሌቶች የሚያሳዩት ይህ ባዶ ቦታ ለ1,000 ሜትር ቁልቁለት በቂ መሆኑን ነው።

አራተኛ፣ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ግዥ ሲፈጸም የጨረታ ሰነዱ የባትሪውን አቅም ብቻ ሳይሆን የመቀበል አቅሙንም ይጠይቅ፤ በ90 በመቶ ሙሌትና በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ባትሪው ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ስንት ኪሎ ዋት ይቀበላል? ባትሪው በማይቀበልበት ጊዜስ ተሽከርካሪውን የሚይዘው ምንድን ነው? ሬዚስተር አለው ወይስ ሁሉም ሸክም በሸራው ላይ ይወድቃል? ለሾፌሮች የሚሰጠው ሥልጠናም በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን የመመለሻ ገደብ ምልክት ማንበብን ማካተት አለበት። በማርሽ መውረድን የተማረ ሾፌር ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም፤ ማርሹ መቼ እንደማይገኝ ብቻ ሊነገረው ይገባል።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቴክኖሎጂ በአብዛኛው ተጠናቅቆ ከውጭ የሚገባ ነው። መንገዱ ግን ከውጭ አይገባም። አገር ውስጥ ያለ ተመራማሪ ከታላላቅ አምራቾች ጋር በሞተር ወይም በሴል ንድፍ መወዳደር ሊያዳግተው ይችላል፤ የእንጦጦን ቁልቁለትና የዓባይን በረሃ ግን ከእርሱ የተሻለ ቀርቦ የሚለካ የለም። ያ ልኬት እስካልተሠራ ድረስ በእያንዳንዱ ጠዋት ከከፍታው የሚወርደው ጉልበት፣ ተቀባይ አጥቶ በፍሬን ሸራ ላይ ሲነድ ይኖራል።